ጉዞው ሩጫ አይሁን



የቀይ መስቀል ክበባችን ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የእግር ጉዞ ሊያዘጋጅ ነው። ቲኬቱ 20 ብር ነው። ገንዘቡ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ላለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ይላካል። እዚያ የቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸው። እኔም ቲኬት ገዝቻለሁ። ግን ሐሳብ አለኝ።

ክፍላችን ውስጥ ልጆች "ማን ቀድሞ ይደርሳል?" እያሉ ሲወራረዱ ሰማሁ። ኧረ ይሄ ሩጫ አይደለም! አምና ከእኔ ጋር የምትቀመጠው ልጅ ፎቅ ስትወጣ ደረጃው መሃል ቁጭ ትል ነበር። "ሰነፍ" እያልን ሳቅንባት። እኔም ስቄአለሁ። ለካ ልቧን ያማት ነበር። አሁን በየወሩ መርፌ ትወጋለች። እሷ ከፈለገች ከፊት ትሁን፤ ማንም አይቅደማት። ስትደክም ሁላችንም እንቀመጥ።

ደግሞ ቲሸርት ለብሰን ዝም ብለን ብናልፍ ሰው ምን ይማራል? የሳይንስ መምህራችን እንዳስረዱን ብዙ ጊዜ በሽታው የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ቶንሲሉ ሳይታከም የቀረ ልጅ ቆይቶ መገጣጠሚያውን ሊያመው፣ የልቡም ቫልቭ ሊጎዳ ይችላል። ቶሎ ቢታከም ግን ፔኒሲሊን ያድነዋል። እኛ ሰፈር ጉሮሮውን ላመመው ልጅ ዝንጅብል በማር ይሰጠዋል፤ ካልተሻለው እንጥሉን የሚያስቆርጡትም አሉ። ዝንጅብሉን እኔም እወደዋለሁ፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ስለዚህ ጉዞው በገበያው በኩል ይለፍ፤ እያንዳንዳችን ቢያንስ ለአንድ እናት ይሄን እንንገር።

እኔ ከእናቴ ጀምሬአለሁ። ትናንት ታናሽ ወንድሜን ጤና ጣቢያ ወሰደችው።