በሰው ወርቅ የሚሰጥ መባ

እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ለሕንፃ ማሠሪያ በተዘጋጀ የገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ድምፅ ማጉያውን የያዘው አስተባባሪ የአንድ ነጋዴ ስም ይጠራል። ነጋዴው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው 100,000 ብር ለመስጠት ቃል ይገባሉ። እልልታው ይቀልጣል፣ ጭብጨባው አዳራሹን ይሞላዋል። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት አንድ የመርካቶ ጅምላ አከፋፋይ የእኚህኑ ነጋዴ ቼክ ይዞ ባንክ ቤት ይሰለፋል። ቼኩ በቂ ስንቅ የለውም። በዚያው ዕለት ከመኪና ዕቃ ያወረዱ የቀን ሠራተኞች «ነገ ተመለሱ» ይባላሉ። ገዢ ያገናኘው ደላላም ኮሚሽኑን ሊጠይቅ ቢደውል ስልክ የሚያነሣለት የለም።

ይህ ለአብነት የቀረበ እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ይሁን እንጂ ገበያ ውስጥ የሚውል አንባቢ ሰውየውን ለመገመት ብዙም አይቸገርም። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። እኚህ ነጋዴ ቸር ናቸውን?

በአገራችን ስለ ክርስቲያናዊ ስጦታ ሲነገር ወሬው ሁሉ በመጠኑ ላይ ያርፋል። ማን ስንት ሰጠ? አሥራቱን ያወጣል ወይስ አያወጣም? ስለቱን አስገባ ወይስ ቀረ? ገንዘቡ ከየት ኪስ እንደ ወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ክርስትና ስለ ገንዘብ የሚያስተምረውን በጥሞና ለተመለከተው ግን ከመጠኑ በፊት የሚቀድመው ይኸው ጥያቄ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከመስጠትም መክፈል ይቀድማል።

መባው መሠዊያው ፊት ይቆይ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ የተመዘገበው ትምህርት ለነጋዴ የተነገረ ይመስላል። መባውን ይዞ መሠዊያው ዘንድ የደረሰ ሰው ወንድሙ በእርሱ ላይ የሚያዝንበት ነገር እንዳለ ካስታወሰ፣ መባውን እዚያው ትቶ እንዲሄድና አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟል። መስጠቱ አልተከለከለም፤ ተራው ግን ሁለተኛ ሆኗል። ገንዘቡ በወቅቱ ያልተከፈለው አከፋፋይ የሚያዝንበት ነገር አለው። ደላላውም አለው። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ከሁሉም የባሰ አለው።

የሠራተኛን ደመወዝ በተመለከተ መጽሐፍ ቅዱስ ለትርጓሜ የሚያሻማ ነገር አልተወም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድኻ ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ እንዲከፈለው ያዝዛል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ደግሞ እርሻቸውን ላጨዱላቸው ሠራተኞች ደመወዝ ያስቀሩ ባለጸጎችን ሲከስ፣ የተያዘው ገንዘብ ራሱ እንደሚጮህ አድርጎ ነው። ከዚህ አኳያ የ300 ብር የጉልበት ዋጋ አሳድሮ 100,000 ብር ቃል መግባት ቸርነት ሳይሆን የብድር ምንጭ መለወጥ ነው። የቀን ሠራተኛው ሳይጠየቅና ሳይስማማ ለሕንፃው አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው።

የቀራጩ የዘኬዎስም ታሪክ በዚሁ መንገድ ሊነበብ ይገባዋል። ዘኬዎስ በአንድ በኩል የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሰጠ። በሌላ በኩል ያላግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ። ብዙ ጊዜ ሰባክያን የመጀመሪያውን አጉልተው ሁለተኛውን ያሳልፉታል። የበደሉትን ሰው ሳይክሱ ለድኻ መስጠት ግን የዘኬዎስን ግማሽ ብቻ መቅዳት ነው።

መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር የማን ነው?

ችግሩ ሁልጊዜ ከክፋት የሚመነጭ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከሂሳብ ነው። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ በወር የ1,000,000 ብር ዕቃ ሸጠ እንበል። ከ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር እጁ የገባው 1,150,000 ብር ይሆናል። ዕቃውን በዱቤ ያነሣው በ850,000 ብር ሲሆን፣ ከታክሱ ጋር ለአከፋፋዩ የሚከፍለው 977,500 ብር ነው። በግዢ የከፈለው ታክስ ተቀናንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው 22,500 ብር ይሆናል። የሱቅ ኪራይ 60,000 ብር፣ የሠራተኛ ደመወዝ 40,000 ብር ነው። ይህ ሁሉ ሲወጣ የሚተርፈው 50,000 ብር ብቻ ነው። የገቢ ግብሩ ገና አልተነሣም።

እንግዲህ መሳቢያው 1,150,000 ብር በያዘበት ሰሞን 100,000 ብር ቃል መግባት ቀላል ይመስላል። ከአንድ አሥረኛም ያንሳል። ከትርፉ አንጻር ሲታይ ግን ሁለት እጥፍ ነው። ትርፉን ሁሉ ቢሰጡ እንኳ ቀሪው 50,000 ብር የሚወጣው ከአከፋፋዩ፣ ከመንግሥት፣ ከሱቁ ባለቤት ወይም ከሠራተኛው ድርሻ ነው።

ዕቁብም ከዚህ የተለየ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዕጣ የደረሰው ሰው ያገኘው ሀብት ሳይሆን ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው። ዳኛውና አባላቱ ብሩን የሰጡት እስከ መጨረሻው ዙር እንደሚጥል አምነው ነው። ዕጣው በወጣ ሰሞን ለስለት የሚበተን ገንዘብ ኋላ ጣይ ቢጠፋ የሚከፍለው ዋሱ ነው። በሰው ወርቅ አይደመቅም የሚለው ተረት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለመባም ይሠራል።

በዚህ ረገድ ክርስቲያኑ ነጋዴ ከሙስሊም ጎረቤቱ ሱቅ የሚማረው ነገር አለ። ዘካውን በሥርዓት የሚያወጣ ነጋዴ ዓመቱ ሲሞላ ዕቃውን ቆጥሮ፣ በእጁ ያለውን ገንዘብ ደምሮ፣ ከዚያ በኋላ 2.5 በመቶውን ያወጣል። መስጠቱ የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። አሥራት የሚያወጣው ክርስቲያን ግን ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ነው ወይስ ከትርፉ የሚለውን እንኳ ሳይለይ፣ ኪሱ በሞላ ዕለት በልግስና ይሰጣል፣ በጎደለ ዕለት ይረሳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን የሰጠው መመሪያ ከዚህ የራቀ ነበር። በየሳምንቱ መጀመሪያ እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን በቤቱ እንዲያስቀምጥ ነው የጠየቃቸው። ሁለት ነገር ያዘዘ ይመስላል፤ ስጦታው መደበኛ ይሁን፣ መጠኑም ከገቢው ጋር ይሂድ።

«መበለቲቱስ?»

ለዚህ ሐሳብ የሚሰነዘር ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ንግድ ያለ ዱቤ አይሄድም። ዕዳው ሁሉ እስኪከፈል ይጠበቅ ከተባለ ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ሳይሰጥ ሊሞት ነው። ደግሞስ ሁለት ሳንቲም የሰጠችው መበለት ከጉድለቷ አይደል የሰጠችው? በጽኑ ድህነት ውስጥ ሆነው የለገሡት የመቄዶንያ ምእመናንስ?

የመጀመሪያው ነጥብ እውነትነት አለው፤ ስለዚህም ቀኑ ያልደረሰ ዕዳና ቀኑ ያለፈ ዕዳ ተለይተው ሊታዩ ይገባል። የ60 ቀን ዱቤ የወሰደ ነጋዴ በ30ኛው ቀን ከትርፉ ቢሰጥ ማንንም አልበደለም። በ61ኛው ቀን አከፋፋዩን እየሸሸ ቢሰጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። መበለቲቱን በተመለከተ ደግሞ ክርክሩ ያለቀው በአንድ ቃል ነው። ሁለቱ ሳንቲሞች የራሷ ነበሩ። ከጎረቤት ተበድራ፣ ወይም የሌላ ድኻ ደመወዝ ይዛ አልመጣችም። ታላቅነቷም የራሷን ኑሮ መስጠቷ ላይ ነው። በሰው ኑሮ ለጋስ የሚሆነውን ሰው ከእርሷ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ያው ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ፣ ስጦታ የተወደደ የሚሆነው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው እንዳልሆነ ጽፏል።

ሁለት ሚዛን

ሌላው ፈተና የሚመጣው ዋጋ ሲንር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በአሮጌው ተመን የገባ ዕቃ መጋዘን የነበረው ሁሉ ሳይነቃነቅ ባለጸጋ ሆነ። ብዙዎች ዋጋ የጨመሩት «በዚህ ዋጋ ብሸጥ መልሼ አልተካውም» በሚል ምክንያት ነበር። ይህ ክርክር በኢኮኖሚ ሳይንስ ቦታ አለው። በ100 ብር የገዛውን በ130 የሸጠ ሰው፣ መተኪያው 125 ከሆነበት የተረፈው 5 ብር ብቻ ነው።

ጥያቄው ሚዛኑ አንድ ነው ወይ የሚለው ነው። ለደንበኛው ዋጋ ሲያወጣ በመተኪያ ዋጋ የሚያሰላ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ሲጠየቅ ግን «ዘንድሮም እንደ አምና ነው» የሚል፣ ለድኻ ሲሰጥ ደግሞ የዛሬ አሥር ዓመቷን 10 ብር የሚዘረጋ ነጋዴ ሁለት ሚዛን ይዟል። መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። የኑሮ ውድነት ትርፉን ካሳነሰው ስጦታውም ቢያንስ አያስነቅፍም። ትርፉን ካበዛው ግን ስጦታውም አብሮ ማደግ ይኖርበታል።

ዕቃ ሸሽጎ ዋጋ እስኪጨምር መጠበቅማ የጥንት በሽታ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ ያለው ባለጸጋ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ሲያቅድ በዚያች ሌሊት ነፍሱ ተጠየቀች። በአገራችን በቅዳሴው የሚታወቀው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ይህንኑ ምሳሌ ይዞ እህል ያከማቹ ነጋዴዎችን ገሥጿል። በከተማዪቱ ረኃብ በገባ ጊዜ ስብከቱ ጎተራ ማስከፈቱን፣ ራሱም ለተራቡት ምግብ ሲያድል እንደነበር ወዳጁ ጎርጎርዮስ መስክሮለታል። በኋላም ለድኾችና ለሕሙማን መጠጊያ የሚሆን ተቋም አቋቁሟል። ልብ ሊባል የሚገባው ባስልዮስ ነጋዴዎቹን የጠየቀው ሸሽገው ካተረፉት ላይ እንዲመጸውቱ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ጎተራውን እንዲከፍቱ መሆኑ ነው።

ተቀባዩም ሂሳብ አለበት

ነገሩ ለሰጪው ብቻ የሚተው አይደለም። ስም በድምፅ ማጉያ ጠርቶ፣ ሰውን ከሰው አፎካክሮ ቃል የሚያስገባ አስተባባሪ ነጋዴውን ወደ ስሕተት ይገፋዋል። ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቀው ያዘዘ ትምህርት ይዞ እንዲህ ማድረግ አይገጥምም። በሐዋርያት ሥራ የሚገኙት ሐናንያና ሰጲራ የተቀጡት ከመሬታቸው ዋጋ ስላስቀሩ አልነበረም። መሬቱም ሆነ ዋጋው በእጃቸው እንደ ነበረ ጴጥሮስ ነግሯቸዋል። የጠፉት ከሰጡት በላይ የሰጡ መስለው በመቅረባቸው ነው። ያልተከፈለ የአዳራሽ ቃል ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ተቀባዩ ደግሞ ደረሰኝ መስጠትና የሥራ ሪፖርት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ለብቻው ይዞ አልሄደም። ነቀፌታ እንዳይመጣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲሆኑ አድርጓል። ኦዲት የዘመኑ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ያበረታታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ እስከ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ሲፈቅድ፣ በማስረጃ የተደገፈ ሂሳብ ለያዘ ሰው ነው። ከአሥራት መጠን ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሂሳብ ለሚያውቅ ነጋዴ ግን ምቹ አጋጣሚ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቸርነት ጠበበ የሚል ካለ ተሳስቷል። እንዲያውም ሰፍቷል። ለቀን ሠራተኛው በዕለቱ መክፈል፣ ድርቅ ለመታው የክፍለ ሀገር ቸርቻሪ የዱቤ ቀን ማራዘም፣ መክፈል ያቃተውን ደንበኛ ዕዳ መማር፣ በመስከረም የሠራተኛን ልጅ ደብተር መግዛት፣ ሁሉም ጭብጨባ የሌለባቸው ስጦታዎች ናቸው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ነጋዴው ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ይቀመጣል። በዚያን ዕለት ከገቢና ወጪው፣ ከተከፋይና ተሰብሳቢው ቀጥሎ አንድ መስመር ቢጨመር ወረቀት አይጠብም። መስመሩ የስጦታ ነው። የሚሞላውም ቀኑ ያለፈ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ይሁን። መጠኑ የአዳራሹን እልልታ ላያህል ይችላል። ሰኞ ጠዋት ግን አከፋፋዩ ቼኩን መንዝሮ ይመለሳል፣ ደላላው ስልኩ ይነሣለታል፣ ዕቃ ያወረዱትም ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋጋቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ።