ስለ ደጋው ዜማና ስለ ወጣቶቻችን

የሰው ልጅ ደስ ሲለው ይዘፍናል፥ ሲያዝን ያንጐራጕራል፥ ሲለምን ያዜማል። እንዲህ ከሆነ ዜማ ከቤተ ሰብ ኑሮ ውጭ የሆነ ነገር አይደለምና በዚህ ወር ስለ እርሱ ጥቂት እንናገራለን። ለዚህ ያነሣሣን በገረሴና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች በየቤቱ የምንሰማው ክርክር ነው። ልጁ «ዜማ እደርሳለሁ፥ አስቀርጻለሁ» ይላል፤ አባቱ «እኔ ዘፋኝ አልወለድሁም» ብሎ ይቈጣል፤ እናቱም በሁለቱ መካከል ቆማ ትጨነቃለች። ክርክሩ ሲበረታ ልጁ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ይሆናል። ማን እንደ ተሳሳተ ከመፍረዳችን በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባናል።

ገረሴ ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጋሞ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአካባቢዋ እንሰትና ገብስ ይበቅላል፤ ሕዝቡም ሥራውን፥ ደስታውንና ኀዘኑን በዜማ የሚያከናውን ነው። ዛሬ በዚህ አገር ዜማ የሚያወጡት ወጣቶች ደመወዝ የሚከፍላቸው ኦርኬስትራ፥ የሚያስተምራቸው ልዩ ትምህርት ቤት፥ ሥራቸውን የሚያሳትምላቸው ባለጠጋ የላቸውም። አንዱ ኦርጋን ይገዛል፥ ሁለተኛው ግጥም ይጽፋል፥ ሦስተኛው ድምፁን ይሰጣል። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው አርባ ምንጭ ወርደው ለአቀናባሪ ይከፍላሉ፤ ክሊፑን ገደል አፋፍ ወይም እንሰት ማሳ ውስጥ ያስቀርጹታል፤ ከዚያም በዩቲዩብ ለዓለም ይለቁታል። ማንም ሳይልካቸውና ማንም ሳይደግፋቸው በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ናቸው።

ይህ በገዛ እጅ መሥራት በአገራችን የቆየ ታሪክ የለውም። በ1924 እ.ኤ.አ. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም 40 አርመናውያን የሙት ልጆች አስመጥተው ኬቮርክ ናልባንዲያን በሚባሉ መምህር መሪነት የሙዚቃ ጓድ ካቋቋሙ ጀምሮ ዘመናዊው ሙዚቃ የኖረው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስ፥ የጦር ሠራዊት፥ የሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ጓዶች ሁሉ ደመወዝተኞች ነበሩ። በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣው ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት አቁሞ እነ ዓለማየሁ እሸቴንና እነ ማሕሙድ አሕመድን አስቀረጸ፤ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስም 100 ያህል ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ለውጡ በመጣ ጊዜ ግን አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። በ2021 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ እርሱ ያስቀረጻቸው ዜማዎች በዓለም ሁሉ ይሰሙ ነበር።

ከሸክላው በኋላ ካሴት መጣ፤ ከካሴቱ በኋላ ሲዲና ፍላሽ መጣ፤ አሁን ደግሞ ሁሉ በእጅ ስልክ ሆኗል። ከዚህ ታሪክ የምናስተውለው አንድ ነገር አለ። ዜማን ማስቀረጽ ከዘመን ወደ ዘመን እየቀለለ መጣ፤ በዜማ መኖር ግን አልቀለለም። አምሃ ሸክላውን አሳትሞ ሸጦታል፤ የገረሴው ልጅ ግን ዜማውን በነጻ ይለቀዋል። ሰሚውም በስልኩ ገልብጦ ለጓደኛው ያቀብለዋል፤ ለደራሲው የሚመለስለት ዋጋ የለም።

ስለዚህ የወጣቱ እንጀራ ያለው በሠርግ ላይ ነው። ሠርግም የራሱ ወራት አለው። በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሠርጉ በጥር ወር ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ይመለሳል። በሌሎች ክርስቲያኖች ቤት ያለው ሠርግ ደግሞ በአብዛኛው በመዝሙር ስለሚከናወን ባለ ኦርጋኑን አይጠራውም። በመስከረም መስቀላ ይመጣል፤ በአዲስ አበባ በሽመና የሚተዳደሩት ዘመዶች ሁሉ ወደ ደጋው ስለሚወጡ ያን ጊዜ ዘፈንም ገንዘብም ይገኛል። የቀሩትን ወራት ወጣቱ በምን ይኑር? የሠርጉ ባለቤትም አንዳንድ ጊዜ የሞንታርቦውን ኪራይ አሟልቶ ከፍሎ የዘፋኙን ዋጋ «ነገ ና» እያለ ያጓትታል። ይህ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ነውና ማናቸውም ዘፋኝ ከሠራው ኃጢአት የሚያንስ አይደለም።

አሁን ስለ ዜማው ራሱ እንናገር፤ ዋነኛው ሥጋታችን በዚህ ነውና። የጋሞ ዘፈን የአንድ ሰው ዘፈን አይደለም። አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ መቀበላቸውም እንደ ማስተጋባት ሳይሆን እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በሌላው ድምፅ ክፍተት ውስጥ እያስገባ ነው። አንዱ ወፍራም ድምፅ ይዞ ይዘልቃል፥ ሁለተኛው በአጭሩ ጣልቃ ይገባል፥ ሦስተኛው ከላይ ሆኖ በቀጭን ያንቈረቍራል፤ ከሁሉም አንድ ዜማ ይወጣል። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ያሉት ዶርዜዎች በዚህ የታወቁ ስለ ሆኑ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ሊቅ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጥተው ዜማቸውን ቀርጸው በሸክላ አሳትመውታል። ከገረሴ በስተ ደቡብ ያሉት ደራሼዎችም ፊላ በሚባለው ዋሽንታቸው ይህንኑ ጥበብ ያሳያሉ፤ እያንዳንዱ ነፊ ብቻውን ቢነፋ ዜማው ጎዶሎ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲሰለፍ ግን ዜማው ይሞላል።

ይህ የሕዝቡ ኑሮ ምሳሌ ነው። በዱቡሻ ተሰብስበው ነገር የሚመክሩ ሽማግሌዎች አንዱ ሌላውን እያደመጠ በተራ እንደሚናገር ሁሉ ዘፈኑም እንዲሁ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ሕዝብ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት ሽማግሌዎች ያደጉት በዚህ ሥርዓት ነው። ሌላውን ማድመጥ ያልለመደ ሰው የብዙዎችን ዘፈን ሊዘፍን አይችልም።

በስቱዲዮ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አቀናባሪው አስቀድሞ በኮምፒዩተር ምት ያዘጋጃል፤ ዘፋኙ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ብቻውን ገብቶ ይዘፍናል፤ ተቀባዮቹ ያስፈለጉ እንደ ሆነም የራሱን ድምፅ ደጋግመው ይደራርቡታል። ምቱ እንደ ሰዓት ቀጥ ያለ ነው፤ በድቤውና በጭብጨባው መካከል የነበረው መፋጠንና መዘግየት ይጠፋል። ስለዚህ ቃሉ ጋሞኛ፥ ልብሱ የጋሞ ጥበብ፥ ተራራውም የጋሞ ተራራ ሆኖ ሳለ ዜማው ብቻ ከሌላ አገር የመጣ ይመስላል። ይህን የምንለው ወጣቶቹን ለመንቀፍ አይደለም። ሃያ ሰው ለማስቀረጽ የሚበቃ ክፍልና ገንዘብ ከየት ያምጡ? ነገር ግን የብዙዎች ድምፅ በአንድ አፍ ብቻ ከቀረ ልጆቻችን የሚወርሱት ቅርፊቱን እንጂ ፍሬውን አይደለም።

ወደ አባትየው ቍጣ እንመለስ። «ዘፈን ኃጢአት ነው» የሚለው ቃል መሠረት አለው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ከሥጋ ሥራዎች ጋር ዘፋኝነት ተቈጥሯል። ነገር ግን በዚያ ቦታ በጽርእ የተጻፈው ቃል ኮሞስ፥ ሲበዛም ኮሞይ የሚል ነው፤ ትርጓሜውም አሕዛብ ሰክረው በሌሊት እየጮኹ የሚያደርጉት ፈንጠዝያ ማለት ነው። በሮሜ መልእክት በ13ኛው ምዕራፍም ይኸው ቃል ከስካር ጋር ተጣምሮ ይገኛል። እንግዲህ ሐዋርያው የገሠጸው ስካርንና ዝሙትን የሚያስከትለውን ፈንጠዝያ ነው እንጂ እናት ልጇን የምታባብልበትን፥ ገበሬ በደቦ የሚያርስበትን፥ ጐረቤት ሙሽራን የሚሸኝበትን ዜማ አይደለም። እስራኤል ባሕሩን በተሻገሩ ጊዜ ማርያም እኅተ ሙሴ ከበሮ ይዛ ወጥታለች፤ ዳዊትም በታቦቱ ፊት ዘሏል።

ይህን ስንል ግን አባቶች ያደረጉትን ጥንቃቄ ማቃለላችን አይደለም። የመጠጥ ቤት ሌሊት ብዙ ባለ ድምፅ ልጆችን አጥፍቷል። ደግሞም ለእግዚአብሔር የተለየ ዜማ አለን። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የሠራው ዜማ ለማሕሌት እንጂ ለጭፈራ አይደለም፤ ጽናጽሉንና ከበሮውንም ወደ ሠርግ አዳራሽ አውጥቶ ከኦርጋን ጋር ማደባለቅ አይገባም። ወጣቱ ዘፈንንና መዝሙርን ለይቶ ይወቅ፤ ወላጁም ዘፈንንና ስካርን ለይቶ ይወቅ። ከዚህ የቀረውን የነፍስ አባት ያያል።

ከያሬድ ዜማ ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ድጓው እስከ ዛሬ የደረሰው መምህር ለደቀ መዝሙር ቃል በቃል ስላስተማረ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመንም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ስለ ሠሩለት ነው። መምህርም ምልክትም የሌለው ዜማ ግን ሽማግሌው ባረፈ ቀን አብሮ ይቀበራል። የጋሞው ዘፈን ምልክት አልተሠራለትም፤ ያለው መምህሩ ብቻ ነው፤ መምህሩም በየቤታችን ጥግ እሳት እየሞቀ ተቀምጧል።

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህን ነው። ልጃችሁ ዜማ መውደዱን ካያችሁ ከቤት አታስወጡት፤ ከአያቱ ጋር አስቀምጡት እንጂ። ስልክ ካለው የአያቱን ዘፈን ይቅረጽ፤ የዘፋኙን ስም፥ የቀበሌውን ስም፥ ቀኑንና ዘፈኑ ለምን ጉዳይ እንደሚዘፈን በድምፅ አስቀድሞ ይናገር። ሰዎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ ልማዳቸው በክብ አቁሞ ስልኩን በመካከላቸው ያኑር፤ ደጅ ቢሆን ይሻላል፥ ቆርቆሮ ጣሪያ ያስተጋባልና። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ሠርግ ስትደግሱም ለሞንታርቦው አንድ ሰዓት ዕረፍት ስጡትና ሽማግሌዎቹና እናቶቹ በአፋቸው ይዝፈኑ፤ ሙሽሮቹም ከዚያ የበለጠ ስጦታ አያገኙም።

ለወጣቶቹም እንዲህ እንላለን። ዜማውን ስትሠሩ ከተማ ሳትወርዱ በፊት ተቀባዮቻችሁን ይዛችሁ በአገራችሁ ተለማመዱ፤ አቀናባሪውንም «ምቱን ከእኛ ውሰድ» በሉት። ከሰው ጋር ስትዋዋሉ በጽሑፍ ይሁን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 ለደራሲ በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላ እስከ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል፤ መብቱንም ለማግኘት ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን በቃል የተስማማ ሰው ክርክር በመጣ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። ከሽማግሌ የተቀበላችሁትን ዜማም የራሳችሁ ድርሰት አታስመስሉት፤ የተቀበላችሁበትን ቀበሌና ሰው ጥሩ። ሽማግሌውን ማክበር ዜማውን አያሳንስባችሁም። በመጨረሻም ከዜማው ጋር ሌላ ሙያ ያዙ፤ ሽመናውም እርሻውም ትምህርቱም የዜማ ጠላት አይደለም። ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌቶች ሲያርሱ የኖሩበት አገር ነው።

በአንድ ቤት አባትና ልጅ ሲጣሉ የሚጐዳው አባት ብቻ ወይም ልጅ ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው ሊተላለፍ የነበረው ነገር ሁሉ ይቋረጣል። ልጁ ከአባቱ ቤት ከወጣ አባቱ የሚያውቀውን ዘፈን ከማን ይማራል? አባትስ ዘፈኑን ለማን ያወርሳል? እንግዲህ ልጅ ቢወርድ አባት ተከትሎ ወርዶ ይፈልገው፤ ልጅም አባቱ ሲመጣ ተነሥቶ ይቀበለው። ቸሩ እግዚአብሔር የወላጆችን ልብ ወደ ልጆች፥ የልጆችንም ልብ ወደ ወላጆች ይመልስልን፤ በደጋውም በቈላውም ሰላሙን ያብዛልን፤ አሜን።