የሚጠላ ወንድም፣ የምትጠላ እኅት (ሙግት)

ለወጣቶች ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ፣ አንባቢው የሚጠላውን ወንድም ወይም እኅት በሚፈጥርበት ጊዜ ጥፋትን ያለ ማስተባበያ ጥፋት ብሎ ሊተወው ይገባዋልን፣ ወይስ የጥፋተኛውን ልብ ገልጦ የማሳየት ግዴታ አለበት? በዚህ ጥያቄ ሁለት ጸሐፊዎች እንደሚከተለው ተሟግተዋል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ምሕረት አይቸኵል

በገዛ ቤቱ፣ በአንድ ማዕድ አብሮት ከሚቆርስ ወንድሙ ግፍ የሚደርስበት ልጅ፣ አቤቱታውን ለወላጆቹ ባቀረበ ቍጥር «ወንድምህ ነውና ቻለው» የሚል መልስ ሲሰጠው የኖረ ስለ ሆነ፣ ሐዘኑን ሳያቃልል የሚሰማው ዳኛ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው። ደራሲውም እንደ ወላጆቹ ለማስታረቅ የቸኰለ እንደ ሆነ፣ ያ ልጅ ሁለተኛ ተበደለ።

ሉዊዛ ሜይ አልኮት በ1868 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመችው «ትንንሽ ሴቶች» በተባለው ድርሰቷ፣ ታናሺቱ ኤሚ ወደ ቴአትር አብራ እንዳትሄድ ስለ ተከለከለች፣ እኅቷ ጆ ብዙ ዓመት የደከመችበትን የተረት ጽሑፍ በእሳት ታቃጥለዋለች። እስከዚህ ድረስ ደራሲዋ ፍጹም እውነተኛ ናት። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ፣ ኤሚ በወንዙ በረዶ ላይ ስትሄድ በረዶው ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ትወድቅና ከሞት አፋፍ ትተርፋለች፤ በዚያችም ሌሊት በእናቷ ፊት እያለቀሰች ስለ ቍጡ ጠባይዋ ንስሐ የምትገባው የተበደለችው ጆ ሆና ትገኛለች። በዳይዋ በደረሰባት አደጋ ጸደቀች፤ የተቃጠለው ድካም ግን ተረሳ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚሉ አባቶቻችን ይህን ፍርድ ሚዛኑ የተዛባ ባሉት ነበር።

ምሕረት እንዳይቸኵል የሚያስተምረንን የኦሪቱን የዮሴፍን ታሪክ ስንመረምር፣ በ17 ዓመቱ በወንድሞቹ ተሽጦ፣ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆሞ፣ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሁለት የረኃብ ዓመታት ካለፉ በኋላ ራሱን ለወንድሞቹ እንደ ገለጠ እናገኛለን፤ ይህም 22 ዓመት ያህል ነው። በዚህም ጊዜ እንኳ ስምዖንን አስሮ፣ ጽዋውን በብንያም ዓይበት አስከትቶ፣ ይሁዳ በታናሹ ፈንታ ባሪያ ልሁን እስኪል ድረስ ልባቸውን ሳይፈትን አልታረቃቸውም።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ የተጠላው ልብ ይገለጥ

ባልደረባዬ ለተበደለው ልጅ መቈርቈራቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የሚጠላውን ወንድም የሚያሳየን የማን ዐይን ነው ብለው አልጠየቁም። ጆ፣ ኤሚ ከኋላዋ እየተከተለቻት መሆኑን እየሰማች፣ የወንዙ መካከል በረዶው ስስ መሆኑን እያወቀች፣ ቂሟን ይዛ ሳታስጠነቅቃት ቀርታለች፤ ንስሐዋም ስለዚህ ዝምታ ነበር። ደራሲዋ በደሉን አልሰረዘችም፤ ተበዳይም በተራው በዳይ ሊሆን እንደሚችል ግን አሳየች።

ይህን ነገር ከሁሉ አብልጣ የተረዳችው፣ በ1980 «ያዕቆብን ወደድሁ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳትማ በማግሥቱ ዓመት የኒውበሪን ሜዳልያ የተሸለመችው ካትሪን ፓተርሰን ናት። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በአንዲት ደሴት የምታድገው ሉዊዝ፣ ውብና ባለ መልካም ድምፅ የሆነችውን መንትያዋን ካሮላይንን ትጠላታለች፤ ታሪኩንም የምትነግረን ራሷ ስለ ሆነች እኛም አብረናት እንጠላለን። ይሁን እንጂ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው፣ ካሮላይን ደካማ ሆና በመወለዷ የቤተ ሰቡ አሳብ ሁሉ ወደ እርሷ እንደ ዞረ፣ ጤነኛዪቱም ሉዊዝ በዚያ ጭንቀት መካከል እንደ ተረሳች ያስተውላል። የጥላቻው ሥር ከተጠላችው ልጅ ዘንድ አይደለም፤ ፍቅር በቤት ውስጥ ከተከፈለበት አከፋፈል ነው። ሉዊዝ ዐድጋ አዋላጅ ከሆነች በኋላ መንታ ስታዋልድ፣ ደካማውን ሕፃን ለማትረፍ ስትታገል ቈይታ፣ ጤነኛው ሕፃን እንዲታቀፍ የምታዝዘው ይህን ምሥጢር ስላወቀች ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ባልደረባዬ የጠቀሱት መጽሐፍ ለእኔ ይመሰክራል፤ ምክንያቱም የሚፈጸመው በሁለቱ መንትዮች ዕርቅ አይደለም። ሉዊዝ የዳነችው ካሮላይንን ለማጽደቅ ተገዳ ሳይሆን የራሷን ሕይወት አግኝታ ነው።

ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1950 በጻፈው የናርኒያ ታሪክም፣ ኤድመንድ እኅቱ ሉሲ የተናገረችው እውነት መሆኑን በዐይኑ ካየ በኋላ በታላላቆቹ ፊት ጨዋታ ነበር ብሎ ያሳፍራታል፤ ደራሲውም ይህን ክፋት አላለዘበውም። ለጣፋጭና ለንግሥና ተስፋ ሲል ወንድሙንና እኅቶቹን ለክፉ ጠንቋይ አሳልፎ በሰጠም ጊዜ፣ አንበሳው አስላን በእርሱ ፈንታ ነፍሱን እስኪሰጥ ድረስ ዕዳው አልተከፈለለትም። እኔ የምቃወመው ምሕረትን አይደለም፤ ዋጋ ያልተከፈለበትን ምሕረት ነው።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ዋጋ ይከፈል በሚለው እስማማለሁ። ነገር ግን ኤድመንድ ወደ ጠንቋይዋ ቤት በበረዶ ውስጥ ብቻውን ሲጓዝ ሉዊስ እኛን ከእርሱ ጋር ይወስደናል፤ ምቀኝነቱንና ፍርሃቱን ከውስጥ ባናውቅ ኖሮ የተከፈለለት ዋጋ ለማን እንደ ተከፈለ አናስተውልም ነበር።

ስለ ኤሚም የቀረ ነገር አለ። በ«ትንንሽ ሴቶች» ሁለተኛ ክፍል ይህችው ልጅ በአውሮፓ ሳለች፣ በስንፍና ጊዜውን የሚያባክነውን፣ ሎሪ የተባለውን ወጣት እንደ ናቀችው ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ እርሱም በዚህ ቃል ተገሥጾ ይነሣል። በልጅነቷ የልቧን ሳትሰውር በመፈጸሟ የተጠላችበት ጠባይ፣ ኋላ ሌላውን ሰው ለማቅናት በቃ። አልኮት ይህን ያወቀችው ከቤቷ ነው፤ ለኤሚ አብነት የሆነችው ታናሽ እኅቷ ሜይ የመጀመሪያውን እትም ሥዕሎች የሣለች ሠዓሊ ነበረች፤ በ1879 ከወለደች በኋላ በሞተችም ጊዜ ሕፃኒቱን ያሳደገቻት ራሷ ደራሲዋ ናት።

እንግዲህ ደራሲው በደሉን ምንም ሳይቀንስ ይጻፍ፤ ነገር ግን ያ በደል ከምን ጠባይ እንደ በቀለ፣ ያው ጠባይ በሌላ ሥፍራ ምን ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል ሳያሳይ ብዕሩን አያኑር። ወንድሙን በእውነት የሚጠላ ወጣት ጥላቻው ከንቱ አለመሆኑን ከመጽሐፍ መስማት እንደሚገባው ሁሉ፣ በዚያ ወንድም ልብ የሚዞረውንም ማወቅ ይገባዋል፤ አንዱን ብቻ ያስተማረው ደራሲ ግማሹን ሥራ ትቶበታል።