የቤት እመቤት ገጽ፦ ከደቡብ ሕንድ ማዕድ የመጣ የጾም ወጥ

ጾም በገባ ቁጥር «ዛሬስ ምን እንሥራ?» የማትል እናት የለችም። ስለዚህ በዚህ ወር ከሩቅ ዘመዶቻችን ማዕድ አንድ ወጥ ልናስተዋውቃችሁ ወደድን። ስሙ ሳምባር ይባላል፤ በደቡብ ሕንድ፥ በታሚል ናዱ፣ በከራላና በካርናታካ ከየቤቱ የማይጠፋ የክክና የአትክልት ወጥ ነው።

ዘመዶች ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በከራላ የሚኖሩት የማላንካራ ኦርቶዶክሳውያን ክርስትናን ከሐዋርያው ቶማስ እንደ ተቀበሉ የሚናገሩ፥ በሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ ካቶሊኮሳቸው ባስልዮስ አውጌን ቀዳማዊ ከአባቶች መካከል ነበሩ። እነርሱም በዐቢይ ጾም ከሥጋና ከወተት ይከለከላሉና፥ በዘይት የተሠራ ሳምባር ለእነርሱም ለእኛም የጾም ምግብ ነው።

አሠራሩን ከመናገራችን በፊት ጥፋታችንን እንናዘዝ። መጀመሪያ በሞከርን ጊዜ ሥራው እንዲፈጥን ብለን ክኩን፣ አትክልቱንና ጎምዛዛውን የሁመር ውሃ በአንድነት ጣድነው። ቤተ ሰቡ ከቅዳሴ ተመልሶ በማዕድ ዙሪያ ሲጠብቅ፥ ክኩ ገና እንደ ጠጠር ነበር፤ ያን ቀን በዳቦና በሻይ አለፈ። ጎምዛዛ ነገር ጥራጥሬ እንዳይፈርስ ይከለክላልና፥ ሁመር የሚገባው ሁሉም ከበሰለ በኋላ መሆኑን የተማርነው በዚህ ነው።

ለ6 ሰው 1 ብርጭቆ የርግብ አተር ክክ አጥቦ ከጥቂት እርድ ጋር በ4 ብርጭቆ ውሃ መቀቀልና ፈጽሞ ሲፈርስ ማሸት ነው። የርግብ አተር ከታጣ ምስር ክክ ይበቃል፤ እርሱ ፈጥኖ ይበስላል። የሎሚ ያህል ሁመር በ1 ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፥ ጨምቆ ማጥለል ያስፈልጋል። 2 የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽና 4 ዛላ በርበሬ ለየብቻ ታምሰው ይፈጩ፤ አብሽ ካረረ ወጡን ያመርረዋልና ዓይናችሁ ከምጣዱ አይራቅ።

ከዚያም ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ዱባና ባምያ በ2 ብርጭቆ ውሃ ይቀቀሉ፤ የሚጠነክረው ይቅደም፥ የሚለሰልሰው ይከተል። ሕንዶች የሽፈራውን ረጅም ፍሬም ቆራርጠው ይጨምሩበታል። አትክልቱ ሲበስል የሁመሩ ውሃ፣ ጨውና የተፈጨው ቅመም ገብቶ 10 ደቂቃ ይንተክተክ፤ በመጨረሻም የታሸው ክክ ይቀላቀል።

አሁን የባለሙያዋ እጅ የሚታይበት ሰዓት ነው። እኛ ወጥ ስንሠራ ሽንኩርትና ዘይት አስቀድመን እናቁላላለን፤ በሳምባር ግን ዘይቱ የሚመጣው በፍጻሜው ነው። በትንሽ መጥበሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሎ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ መጨመር፥ መፈናጠሩም እስኪቆም መክደን ነው። ከዚያ አንድ ዛላ በርበሬና ከተገኘ የካሪ ቅጠል ጨምሮ፥ ሳይውል ሳያድር በወጡ ላይ መድፋትና ድስቱን መክደን ነው። መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል።

ሕንዶች ሳምባርን በሩዝ ይበሉታል፤ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ፥ ከኮመጠጠም በኋላ በምጣድ ከሚጋገረው ከዶሳም ጋር ያቀርቡታል። እንጀራችንም ይስማማዋል።

እኅቶቻችን ሆይ፤ ክኩ ያለ ጊዜው ጎምዛዛ ሲገባበት እንደ ጠነከረ፥ ቤትም በችኮላ አይለሰልስም፤ ለሁሉ ጊዜ አለው። ደግሞም ሳምባር በጥቂት ወጪ ብዙ ሰው ያጠግባልና፥ ጾም ያለ ምጽዋት አይሙላምና፥ ድስቱ ሳይወርድ አንድ ጭልፋ ለደጃፍ ድኻ ይለይ።

እግዚአብሔር ማዕዳችሁን ይባርክ።