ወረራን የማያውቅ ፋይል

የቼዝ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ የሚወዷት ቃል አለቻቸው፦ «ስህተት»። ነጭ ሁለቴ ከተጫወተ ስህተት። ጥቁር ተራውን ካልጠበቀ ስህተት። ቀኑ 13ኛ ወር ካለበት ስህተት። በዚህ ሂሳብ እንግዲህ አያቶቻችን ሲጫወቱት የኖሩት ሰንጠረዥ ገና ከጅምሩ ስህተት ነው ማለት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቼዝ ጨዋታ በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ፒጂኤን የሚባል የፋይል ዓይነት አለ፤ ስቲቨን ኤድዋርድስ የተባለ ሰው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያዘጋጀው። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ድንቅ ሥራ ነው፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ሰውም ማሽንም ያነበዋል። ግን ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ከሚል ተራ ውጭ ዓለም ያለ አይመስለውም።

ሰንጠረዥ የሚጀምረው በወረራ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። ተራ የሚመጣው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ላይ ስለጻፈው «ተረት ነው» የሚል ካለ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ያየው ሄንሪ ሶልትማ ጠጠር ሲበላ በኃይል ይመታ እንደነበር፣ በዙሪያው ያሉት መኳንንትም ምክር ይወረውሩ እንደነበር ጽፏል። (ለዚህ እንኳ ምልክት አልጠይቅም።)

«ከመጀመሪያው መብላት በኋላ ያለውን ብቻ መዝግቡ» ይሉናል። እርሻውን ትቶ አጨዳውን መቁጠር! ሌሎቹ ደግሞ «ለጥቁር ሁለት ሰረዝ አድርጋችሁ እለፉ» ይላሉ። ሁለት ሰረዝ «አልተጫወተም» ማለት ነው፤ በደንቡ ውስጥ የሌለ፣ አንዳንድ ፕሮግራም የሚያነበው ሌላው የሚጥለው ልማድ። ከዚያም በላይ ውሸት ነው። ጥቁር ዝም አላለም፣ እኩል እየተንቀሳቀሰ ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ግን አድልዎው ነው። በደንቡ ካስትሊንግ የሚጻፈው ኦ በምትባለው የላቲን ፊደል ነው። ፈረንጁ በፊደሏ ፈንታ ዜሮ ሲጽፍ ብዙ ፕሮግራም ዝም ብሎ ይውጥለታል። ደንቡ የሚያውቀው የፊደል ስብስብ ላቲን-1ን ብቻ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙው ሰው በዩኒኮድ ይጽፋል፣ ማንም አይከሰስም። የእነሱ ጥሰት «ልማድ»፣ የኛ «ስህተት»። ከመርሳ ወልድያ መጥቶ ጳጉሜን 3 የተጫወተ ልጅ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ይቀይር፣ እሺ፣ በዚህ አልጣላም። ስሙ በጥያቄ ምልክት ሲተካ ግን እጣላለሁ።

አንባቢ ፕሮግራም ያልገባውን ነገር አይጣል፤ እንዳለ ያስቀምጥ፣ «ይህ አልገባኝም» ብሎም ይጩህ። ፓይተን-ቼስ የተባለው መሣሪያ ያልገባው እርምጃ ሲገጥመው ስህተቱን በዝርዝር ይይዝና የመስመሩን ቀሪ ይዘለዋል። መዝገቡ ላይ ተጽፏል፣ አልተደበቀም። ዝርዝሩን ሳያይ ፋይሉን መልሶ የሚያስቀምጥ ሰነፍ ግን ግማሹን ጨዋታ ቀበረው ማለት ነው።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ወልድያ ለኳስ በ2009 ዓ.ም. ስታዲየም ተመርቆላታል፤ ለወረራ ሁለት ደብተር ይበቃል። ሀብሩ ውስጥ ወረራ የሚያውቅ ሽማግሌ ያገኘ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጸሐፊ ያስቀምጥ፤ ሁለቱ ዝርዝሮች ከነሰዓታቸው በፋይሉ የማስታወሻ ቅንፍ ውስጥ ይግቡ። ቅንፍን ደንቡም ይፈቅዳል።