በመርከቡ ሆድ ውስጥ

ባለፈው ወር የጀመርነውን የልጆች የፈተና ዝግጅት ጉዳይ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን። ለዛሬ ግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያመጣብኝን ነገር ላጫውታችሁ።

ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠብቆ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለ። ወረቀቱ ላይ እንደ ኮረብታ የገዘፈ ነጭ መርከብ ፎቶግራፍ አለ፤ አናቱ ላይ የመዋኛ ገንዳና የልጆች መንሸራተቻ ይታያል። ከሥሩ «በዓለም አቀፍ የመዝናኛ መርከብ ላይ ሥራ፤ ልምድ አያስፈልግም» የሚል ተጽፏል። አንድ ደላላ «ለምዝገባና ለቪዛ ማስፈጸሚያ» 90 ሺህ ብር አምጣ ብሎታል። 10 ሺውን በቀብድ ተቀብሏል። ቀሪውን እናቱ የአንገት ወርቋን ሸጣ ልትሞላለት ተዘጋጅታለች። ልጁ አስተዋይ ነው፤ ፊዚክስ ሳስተምረው ከክፍሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ይሁንና እንደ አብዛኞቻችን እንደ ደሴ ልጆች ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

«ሥራው ምንድን ነው?» ብለው «መርከብ ላይ ነው» አለኝ። «መርከቡ ላይ የት?» ብዬ ስደግመው ዝም አለ።

ያን ጊዜ ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ። ነዋሪነቷ በአሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። ባለፈው ዓመት ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከፍሎሪዳ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ለአንድ ሳምንት ተሳፍራ ነበር። (ስለ ቁማር ቤቱና ስለ መጠጡ የምትጠይቁኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። «ያንን ፎቅ በአሳንሰር አለፍነው» ብላኛለች፤ በዚሁ ይብቃን።) በጉዞው መሐል ሌላው ሰው ገንዳ ዳር ፀሐይ ሲሞቅ እርሷ የመርከቡን ጓዳ የሚያስጎበኘውን ፕሮግራም ገዛች። እንዲህ ያለው ጉብኝት በብዙዎቹ ትልልቅ መርከቦች ላይ አለ፤ ከጉዞው ዋጋ ውጪ ለብቻው ይከፈልበታል። እህቴም ከመቶ ዶላር በላይ ከፈለች። ባለቤቷ «ወጥ ቤት ለማየት ይሄ ሁሉ ገንዘብ?» ብሎ ስቆባታል። እርሷ ግን አሜሪካ እንደገባች ሦስት ዓመት የሆቴል ክፍል ስታጸዳ የኖረች ናት። የተነጠፈ አልጋ ስታይ «ማን አነጠፈው?» ማለት ልማዷ ሆኗል።

በስልክ ለሁለት ሰዓት ያህል አወራችኝ። እኔም ማስታወሻ ይዤ አዳመጥኳት፤ ያልገባኝንም ከመጻሕፍት አመሳከርኩ።

በመጀመሪያ ስለ መጠኑ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የተባለው መርከብ በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 365 ሜትር ያህል ነው፤ 20 ፎቅ አለው። ሲሞላ እስከ 7,600 ተሳፋሪ ይይዛል፤ ሠራተኞቹ ደግሞ 2,350 ናቸው። ሁለቱን ብትደምሩ 10 ሺህ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ይህ እንግዲህ በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ አንዲት የወረዳ ከተማ ማለት ነው። ልዩነቱ ይህቺ ከተማ ውሃዋንም፣ መብራቷንም፣ ዳቦዋንም ራሷ መሥራቷ፣ ቆሻሻዋንም ራሷ መያዟ ነው። እህቴ የተሳፈረችበት ከዚህ ያነሰ ነበር፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ጎብኚዎቹ ከ20 አይበልጡም ነበር። ጣት የሚሸፍን ጫማ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ወረቀት ይፈረማል፣ በብረት መፈተሻ ይታለፋል፣ ፎቶ ማንሳትም በየቦታው አይፈቀድም። ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2001 ጥቃት ወዲህ የመርከቦች ጥበቃ በዓለም አቀፍ ደንብ ጠብቋል። ከዚያም ተሳፋሪ የማያስተውለው አንድ በር ተከፈተ። በዚህ ወገን ምንጣፍና መቅረዝ፣ በዚያ ወገን የተቀባ ብረት፣ ጣሪያ ላይ የተጋደሙ ቧንቧዎችና ጥርት ያለ ነጭ መብራት። «ከሳሎን ወደ ጋራዥ እንደመግባት ነው» አለችኝ። ከበሩ ኋላ መርከቡን ከጫፍ ጫፍ የሚያቋርጥ ሰፊ መተላለፊያ አለ። በብዙ መርከቦች ላይ ሠራተኞቹ «አይ ናይንቲ ፋይቭ» ይሉታል፤ ከማያሚ ተነስቶ እስከ ካናዳ ድንበር የሚዘልቀው የአሜሪካ አውራ ጎዳና ስም ነው። ጋሪ ይገፋበታል፣ ፎርክሊፍት ያልፍበታል፣ የሥራ ፈረቃ ሰሌዳም ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

ወጥ ቤቱ ሁለመናው የማይዝግ ብረት ነው። የእያንዳንዱ ምግብ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አቅራቢው ሳህኑን ከፎቶው ጋር አስተያይቶ ነው የሚያወጣው። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሌሊቱን ሲሠሩ ያድራሉ። መጋዘኑ ደግሞ ሥጋው ለብቻ፣ ዓሣው ለብቻ፣ አትክልቱ ለብቻ በየራሱ ቅዝቃዜ የሚቀመጥበት ነው፤ አብዛኛው የሚጫነው መርከቡ መነሻ ወደቡ ላይ በሚቆምበት በዚያ በአንዱ ቀን ነው። በዚያው ቀን ጠዋት የቆዩት ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፣ ከቀትር ጀምሮ አዲሶቹ ይሳፈራሉ። በመካከል ባሉት ጥቂት ሰዓታት ሁሉም ክፍል ይጸዳል፣ የአልጋ ልብስ ሁሉ ይለወጣል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተለወጠ። «እኔ በቀን 14 ክፍል አጸዳ ነበር፤ ወገቤ እስካሁን ያውቀዋል» አለች።

የውሃው ነገር እንደ መምህርነቴ ልቤን ገዝቶታልና ትንሽ ታገሱኝ። መርከቡ ንጹሕ ውሃ ከባሕር የሚያወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የባሕሩን ውሃ ጨው በማያሳልፍ ስስ ገለፈት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው አፍልቶ እንፋሎቱን መሰብሰብ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ውሃ ለማፍላት ነዳጁ አያልቅም? ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ ደሴ ላይ ሻይ ስናፈላ ውሃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል፤ ከፍታችን ስለበዛ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነውና። መርከቡም ላይ የማፍያውን ገንዳ አየር በመሳብ ግፊቱን ይቀንሱታል፤ ያን ጊዜ ከሞተሮቹ የሚተርፈው ሙቀት ብቻውን ውሃውን ያፈላዋል። ከዚያ ማዕድንና ክሎሪን ተጨምሮበት ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ይህንን በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ።

ሞተሮቹ ራሳቸው በአብዛኛው አይጎበኙም፤ የሚታየው ስክሪን የሞላበት የመቆጣጠሪያ ክፍል ነው። በዘመናዊዎቹ መርከቦች ሞተሮቹ የሚያሽከረክሩት ጀኔሬተር ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ኤሌክትሪክ መብራቱንም፣ ምድጃውንም፣ ከመርከቡ ሆድ በታች የተንጠለጠለውንም መቅዘፊያ ያንቀሳቅሳል። ከእ.ኤ.አ. 1998 ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ይህ መቅዘፊያ ዙሪያውን ይዞራል፤ ስለዚህ ያን የሚያክል ነገር በራሱ ቦታ ላይ መሽከርከር ይችላል። የካፒቴኑም ክፍል ተጎብኝቷል፤ መሪው ከታክሲ መሪ ያነሰ ነበር አለችኝ። ፎቶ ተነሱ፣ ኮፍያ ተሰጣቸው።

ከኮፍያው በፊት ግን ልብስ ማጠቢያውን አይተዋል። እጅግ ይሞቃል፤ የማሽኖቹ ድምፅ ያደነቁራል። አንድ ሰው ፎጣ ሲያጥፍ ሂጃቧን አይቶ ቀስ ብሎ «አስ-ሰላሙ ዐለይኩም» አላት። ኢንዶኔዥያዊ ነበር። ሰላምታውን መለሰችለትና ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቀችው። «ስምንተኛ ወሬ ነው። ልጄ መራመድ ጀምራለች፤ በስልክ አይቻታለሁ» አላት። አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ «እንቀጥል» አለች። «ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው የአሳንሰሩ በር ተዘጋ» ብላ እህቴ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ለመሆኑ ከመቶ ዶላር በላይ የተከፈለበት ጉብኝት ያላሳየው ምንድን ነው? የሠራተኞቹ መኝታ አልታየም። ዝቅተኛው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው ለሁለት በሚካፈሉት፣ በታችኛው ፎቅ ባለ መስኮት አልባ ጠባብ ክፍል ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ ጸድቆ በነሐሴ 2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የዕረፍት ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10፣ በሳምንት ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ይደነግጋል። ይህ ለሠራተኛው መከላከያ ነው። ነገር ግን ገልብጣችሁ አስሉት፤ በሕጉ ውስጥ ሆኖ ሳለም ምን ያህል ሰዓት ሊሠራ እንደሚችል ታያላችሁ።

የቆሻሻው ክፍልም ታይቷል፤ ሠራተኞች ጠርሙሱን፣ ጣሳውንና ፕላስቲኩን በእጃቸው እየለዩ ነበር። በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት ፕላስቲክ በየትኛውም ባሕር ላይ አይጣልም። እውነትም ብዙ መርከቦች በዚህ ረገድ በጥንቃቄ ይሠራሉ። ጉብኝቱ የማያሳየው ቧንቧ ግን ነበር። «ካሪቢያን ፕሪንሰስ» በተባለው መርከብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አዲስ ተቀጣሪ መሐንዲስ ዘይት ያለበት ፍሳሽ ከማጣሪያው ውጪ በድብቅ ወደ ባሕር የሚወርድበት መስመር አገኘ። በአንድ ቀን ብቻ 16 ሺህ ሊትር ገደማ ከእንግሊዝ ዳርቻ ራቅ ብሎ ተደፍቷል። ሰውየው ሳውዝሃምፕተን ሲደርስ ሥራውን ለቆ ለባለሥልጣናት ተናገረ። ባለቤቱ ፕሪንሰስ ኩባንያ በ2016 ጥፋቱን አምኖ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አንድ አዲስ ገቢ፣ አለቆቹን ገና በቅጡ የማያውቅ ሰው! በበኩሌ ከመርከቡ ሞተር ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ሰው ነው።

ተማሪዬን በሳምንቱ ቤቴ ጠራሁት። ያንኑ የ2006 ስምምነት አውጥቼ አንዱን አንቀጽ አብረን አነበብን። ሥራ አስቀጣሪ ከባሕር ሠራተኛው ላይ የቅጥር ክፍያ መቀበል አይችልም ይላል። ሠራተኛው ራሱ የሚከፍለው ለሕክምና ምስክር ወረቀት፣ ለባሕረኛ ደብተርና ለፓስፖርት ብቻ ነው። የቪዛው ወጪ የመርከቡ ባለቤት ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አነበበው። «ታዲያ 90 ሺው?» አለ። «እስቲ ራሱን ጠይቀው» አልኩት።

በዚያው ተቀምጠን ጥያቄዎቹን ጻፍን፦ የመርከቡ ስም ማን ነው? ባንዲራው የየት አገር ነው? ሥራው ልብስ ማጠቢያ ነው፣ ወጥ ቤት ነው፣ ወይስ ክፍል ጽዳት? ውሉ ስንት ወር ነው? የእሳት መከላከልና የነፍስ አድን ሥልጠና ግዴታ ነውና የት ነው የምሠለጥነው? ልጁ ራሱ አንድ ጨመረ፤ «የምተኛው በየትኛው ፎቅ ነው?»

ለደላላው እዚያው ደወለ። ሰውየው የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲሰማ «ስሙ ቪዛው ሲመጣ ይነገርሃል» አለ። ሁለተኛውን ሲሰማ «መሄድ ትፈልጋለህ ወይስ መርማሪ ነህ?» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሳም።

ባለፈው ጁሙዓ እናቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ወርቁ አንገታቸው ላይ ነው። ቀብዱ ግን አልተመለሰም፤ ልጁም አሁን ጥያቄዎቹን በደብተሩ ይዞ ሌላ ሥራ ያፈላልጋል።