የኮምቦልቻ አየር በበጋ ንጋት፦ የአቀማመጥና የወቅት ጉዳይ

በኢትዮጵያ ስለ አየር ብክለት ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ ተጀምሮ በአዲስ አበባ ያበቃል። ትንንሽ ከተሞች ተሽከርካሪያቸው ጥቂት፣ ዙሪያቸውም ገጠር በመሆኑ አየራቸው ንጹሕ እንደሆነ ይታመናል። ይህ እምነት አንድ መሠረታዊ ነገር ይዘነጋል። የአየር ጥራትን የሚወስነው የሚለቀቀው ጭስና አቧራ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ የሚለቀቅበት ቦታና ጊዜም ጭምር ነው። በደቡብ ወሎ የምትገኘው ኮምቦልቻ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች ናት። ከጎኗ የጎፍ ተራራ ቆሟል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደሴ ደግሞ ከእርሷ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ሜዳው ያለው በሸለቆው ወለል ላይ ስለሆነ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የቢራና የቆዳ ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚሁ ዝቅተኛ ሥፍራ ሰፍረዋል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው የከባድ መኪና መንገድም ከአዲስ አበባው መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚሁ ነው።

በተለመደው ሁኔታ አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በመሬት አጠገብ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። ደመና በሌለበትና ነፋስ በረጋበት የበጋ ሌሊት ግን መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ስለሚያጣ ከላዩ ያለው አየር ይቀዘቅዛል። በተራሮቹ ጎን የቀዘቀዘው አየርም ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ወርዶ ይተኛል። ያን ጊዜ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆንና ሸለቆው ክዳን እንደ ተደፋበት ድስት ይሆናል። የማታው እራትና የማለዳው ቁርስ የሚበስልበት የእንጨት፣ የከሰልና የኩበት ጭስ፣ ከመኪናና ከፋብሪካ ከሚወጣው ጋር ተደባልቆ ከክዳኑ ሥር ይቆያል። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ክዳኑን እስክትከፍት ድረስ ረፋድ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ የደረቀውን መንገድ አቧራ ያነሣል።

በክረምት ዝናቡ ብናኙን ያጥባል፤ ደመናውም የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይቀንሳል። ሆኖም እፎይታው የደጅ ብቻ ነው። እርጥብ እንጨት በሚጨስበትና በሩ በብርድ ምክንያት በሚዘጋበት ማድ ቤት፣ እናቶችና አጠገባቸው ያሉ ሕፃናት የሚተነፍሱት አየር ከበጋው የከፋ ሊሆን ይችላል።

ወቅትን አለማገናዘብ የሚያስከትለውን ችግር ኅዳር 12 ቀን በግልጽ ያሳያል። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በዚህ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። የልማዱ ዓላማ ጤናን መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ኅዳር ሌሊቱ የጠራና ነፋሱ የረጋ ወር በመሆኑ፣ በሸለቆ ከተማ የሚነሣው ጭስ በሽታን ከማባረር ይልቅ በአስም የሚሠቃየውን ሰው ያገኘዋል። መጥረጉ ይቀጥል፤ ፕላስቲክና ጎማ ማቃጠሉ ግን ይቅር ማለት ልማዱን ወደ ዓላማው መመለስ እንጂ መናቅ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደቃቅ ብናኝ (ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ) በዓመታዊ አማካይ ከ5፣ በ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። አማካይ ግን ብዙ ይሸፍናል። ለምሳሌ ብናኙ ለ4 ሰዓት 100፣ ለቀሪው 20 ሰዓት 10 ቢሆን የቀኑ አማካይ 25 ይሆናል። ጎሕ ሲቀድ መንገድ የሚጠርጉ ሴቶች፣ የሌሊት ጥበቃዎችና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች የሚተነፍሱት ግን መቶውን ነው። የክረምቱ ዝቅተኛ ቁጥር ሲጨመርበት ዓመታዊው አማካይ እውነቱን ይበልጥ ይደብቃል። ስለዚህ በሸለቆ ከተማ ልኬት ሲታሰብ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ንጋት ለብቻው ሊመዘገብ ይገባል።

ሥራ አጥነት ለበዛበት ከተማ ፋብሪካ እንጂ የአየር መለኪያ አይቀድምም የሚል መከራከሪያ ይነሣል፤ መከራከሪያው ክብደት አለው። ነገር ግን ቆሻሻን በማታና በማለዳ አለማቃጠል፣ መንገድ ከመጠረጉ በፊት ውኃ መርጨት፣ አዲስ ፋብሪካ ሲፈቀድ የሌሊቱን ነፋስ አቅጣጫ መጠየቅ ፋብሪካ አያዘጋም። ተራራውን ማንሣትም ሆነ በጋውን ማሳጠር አይቻልም፤ መቼና የት እንደሚጨስ መወሰን ግን በከተማው እጅ ነው።